የቪዛ ፎቶ ከጎጃም ሆኖ፦ ፎቶ ቤት፣ ስልክ፣ አፕ ወይስ አዲስ አበባ?

ቪዛ የሚያመለክት ሰው ስለ ባንክ ስቴትመንት፣ ስለ ግብዣ ደብዳቤና ስለ ቃለ መጠይቅ ሲያስብ ይከርማል። ፎቶው ትዝ የሚለው መጨረሻ ላይ ነው። ያኔ ሰፈር ወዳለው ፎቶ ቤት ሮጥ ተብሎ ጉርድ ፎቶ ይነሳል። ከዚያ ወይ ፎርሙ ፋይሉን አልቀበልም ይላል፣ ወይ ቀጠሮ ቀን መስኮቱ ጋ "መጠኑ ልክ አይደለም፣ ሌላ አምጡ" ይባላል። ከቡሬ ወይም ከሞጣ ተነስቶ፣ አባይ በረሃን ተሻግሮ አዲስ አበባ ለገባ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። የአሜሪካ የጎብኚ ቪዛ ማመልከቻ 185 ዶላር ነው፣ የሸንገን (የአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) ደግሞ ለአዋቂ 90 ዩሮ። ቪዛው ቢከለከልም ገንዘቡ አይመለስም። ይህን ሁሉ ከፍሎ በፎቶ መጉላላት ያንገበግባል።

ጎጃም ላለ ሰው በተግባር አራት መንገድ አለ። አንዱ ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም ወይም ሌላ ከተማ ያለ ፎቶ ቤት ነው። ሁለተኛው በራስ ስልክ ቤት ውስጥ መነሳት ነው። ሦስተኛው ፎቶውን ራሱ የሚቆርጥና ባክግራውንድ የሚቀይር አፕ ነው። አራተኛው አዲስ አበባ ደርሶ እዚያ መነሳት ነው። የትኛው ካሜራ ይበልጣል የሚለው ብዙም አያስጨንቅ፤ የዛሬ ስልክ ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ምርጫውን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ፎቶው የሚፈለገው በፋይል ነው ወይስ በወረቀት፣ ከተነሳ በኋላስ ማን ይነካካዋል።

መጀመሪያ የአገሩን መስፈርት እወቁ

እኛ አገር ጉርድ ፎቶ ሲባል ለመታወቂያ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለሥራ ማመልከቻ የለመድነው 3 በ4 ሴንቲ ሜትር ነው። ከታች ካሉት አገሮች አንዳቸውም ይህን መጠን አይቀበሉም። ስለዚህ "የቪዛ ፎቶ አንሳኝ" ብቻ ብሎ ወንበር ላይ መቀመጥ አይበቃም። የየትኛው አገር ቪዛ?

| ቪዛ | የፎቶ መጠን | ከአገጭ እስከ አናት | ባክግራውንድ | በምን መልክ |
|---|---|---|---|---|
| አሜሪካ | 51 በ51 ሚ.ሜ | 25–35 ሚ.ሜ | ነጭ ወይም ነጣ ያለ | በኦንላይን ፎርም የሚጫን ፋይል |
| ሸንገን | 35 በ45 ሚ.ሜ | 32–36 ሚ.ሜ | ነጣ ያለ፣ አንድ ወጥ | የታተመ |
| ካናዳ (ጊዜያዊ) | 35 በ45 ሚ.ሜ | 31–36 ሚ.ሜ | ነጭ ወይም ነጣ ያለ | በኦንላይን ለሚያመለክት ፋይል |
| ቻይና | 33 በ48 ሚ.ሜ | 28–33 ሚ.ሜ | ነጭ | ፋይል፣ እንደ ቆንስላው የታተመም |
| እንግሊዝ | – | – | – | የማመልከቻ ማዕከሉ አሻራ ሲወስድ ራሱ ያነሳል |

እንግሊዝ የምትሄዱ እንግዲህ ተገላገላችሁ፤ በቀጠሯችሁ ቀን ፊታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የሌሎቻችን ፎቶ ከ6 ወር ያልበለጠ መሆን አለበት። ድሮ የተነሳ ፎቶ ቢያምርም አይሆንም። በተለይ ፓስፖርት ወይም የቀድሞ ቪዛ ላይ ያለውን ፎቶ ደግሞ ማስገባት አደጋ አለው፤ የቆንስላው ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን ስለሚያይ የዱሮ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል።

መለኪያዎቹ

አራቱንም መንገድ በአንድ ዓይን ለማየት የተጠቀምኩባቸው መለኪያዎች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ ልክ። የፎቶው መጠን ብቻ ሳይሆን ጭንቅላቱ በፎቶው ውስጥ የሚይዘው ቦታ። በአሜሪካ ፎቶ ጭንቅላቱ ከፎቶው ቁመት ከ50 እስከ 69 በመቶ ይይዛል። በሸንገን ከ70 እስከ 80 በመቶ ነው። አያችሁ ልዩነቱን? የሸንገኑ ፊት ፎቶውን ሞልቶ ይታያል፣ የአሜሪካው ዙሪያው ክፍት ነው። አንዱን ቆርጦ ለሌላው ማድረግ የሚቻለው ፎቶው መጀመሪያ ሰፋ ተደርጎ ከተነሳ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ፊቱ ያልተነካ መሆኑ። ይሄ ከሁሉም ይበልጣል። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በሶፍትዌር፣ በስልክ አፕ ወይም በፊልተር መልክን መቀየር አይፈቀድም ይላል። ፎቶው የሚያገለግለው በር ላይ የቆመው ሰው እናንተ መሆናችሁን ለማረጋገጥ ነው። ጠባሳ፣ ማርያም የሳመችው፣ የግንባር ንቅሳት ሁሉም እንዳለ ይቀመጥ። የጎጃም እናቶች ግንባር ላይ ያለው የመስቀል ንቅሳት የሚደበቅ ነገር አይደለም፣ እንዲያውም መለያ ነው።

ሦስተኛ፣ ብርሃንና ጥላ። ፊት ላይም፣ ከኋላ ግድግዳው ላይም ጥላ አይፈለግም።

አራተኛ፣ ፋይሉ። ዲኤስ-160 ለሚባለው የአሜሪካ ቪዛ የኦንላይን ማመልከቻ ፎርም ፎቶው ጄፔግ (የተለመደው የፎቶ ፋይል ዓይነት) መሆን አለበት። ካሬ ነው፤ ከ600 በ600 ያላነሰ፣ ከ1200 በ1200 ፒክስል ያልበለጠ፣ ክብደቱ ደግሞ ከ240 ኪሎባይት ያልበለጠ። ስልክ የሚያነሳው ፎቶ ብዙ ጊዜ ብዙ ሜጋባይት ስለሆነ ሳይቀነስ አይገባም።

አምስተኛ፣ ደግሞ ለመነሳት ያለው ዕድል፣ ጊዜና ወጪ። ዓይን ይጨፈናል፣ መብራት ይጠፋል፣ ኔት ይቆራረጣል። ስህተት ቢገኝ በምን ያህል ልፋት ይታረማል የሚለው መታሰብ አለበት።

ፎቶ ቤት

የፎቶ ቤት ጥቅሙ ግልጽ ነው። መብራት አለው፣ ወረቀት አለው፣ ማተሚያ አለው። በትክክለኛ የፎቶ ወረቀት የታተመ ፎቶ ለሸንገን የሚያስፈልግ ሰው ከዚህ ማምለጫ የለውም፤ ቢሮ ባለ ተራ ማተሚያ በስስ ወረቀት የወጣ ፎቶ አይሆንም።

ችግሩ የሚመጣው ካሜራው ከተቀመጠ በኋላ ነው። ባለሙያው ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ይከፍታል። ማንም ሳይጠይቀው እጁ ለምዶ ፊቱን ጠጋ አድርጎ ያሳያል፤ መጀመሪያ የብጉር ምልክቷ ትጠፋለች፣ ቀጥሎ ከዓይን ሥር ያለው ጥቁረት ይነሳል፣ ከዚያ ቆዳው በሙሉ ለስለስና ቀላ ይላል። መጨረሻ ላይ ከኋላ ያለውን ሰማያዊ መጋረጃ ቆርጦ ነጭ ይለጥፋል። ሠርግ ቢሆን ጎበዝ ባለሙያ ነው፣ እኔም አመሰግነው ነበር። ለቪዛ ግን ሥራውን አበላሸው። ልጁ ይህን የሚያደርገው ደንበኛው ስለሚወድለት ነው፤ ስለዚህ የማስቆሙ ኃላፊነት የእኛ ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት በትህትና እንዲህ በሉት፦ "ወንድሜ፣ ይሄ የኤምባሲ ፎቶ ነው። ፊቴን እንዳታሳምረው፣ እንዳታቀላው። ከኋላዬ እውነተኛ ነጭ አድርግልኝ፣ በኮምፒውተር አትቀይረው። መጠኑ ይኸው ተጽፏል። ያልተነካውን ሶፍት ኮፒም እፈልጋለሁ።" መጠኑን በወረቀት ጽፎ መስጠት ከመናገር ይሻላል። ሥራ ሲበዛበት ቃል ይረሳል፣ ወረቀቱ ግን ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል።

ነጭ መጋረጃ የለኝም ካለስ? ብዙ ፎቶ ቤት ያለው ሰማያዊ ወይም ቀይ ነው። ያኔ ንጹሕ ነጭ አንሶላ ከቤት ይዞ መሄድ ይቻላል፣ ማንም አይከፋበትም። አይሆንም ካለ ሌላ ቤት ሂዱ።

ከመውጣታችሁ በፊት ማስመሪያ ተበድራችሁ ለኩ። ፎቶውን ከጎን ወደ ጎን፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከዚያ ከአገጭ እስከ አናት። አናት ሲባል የጭንቅላቱ ጫፍ ነው፣ ያበጠው ፀጉር አይደለም። የአሜሪካው ላይ ማስመሪያው ከ25 በታች ወይም ከ35 ሚሊ ሜትር በላይ ካሳየ እዚያው ይታረም። ማሽኑ እንደሞቀ ማሳተምና ነገ ተመልሶ መምጣት አንድ አይደለም፤ ነገ መብራት ላይኖር ይችላል።

ሶፍት ኮፒውን በፍላሽ ስትቀበሉ በስልካችሁም አስቀሩ። በቴሌግራም ከላከላችሁ "ፋይል" አድርጎ ይላከው። እንደ ፎቶ ከላከው ቴሌግራም ራሱ ያሳንሰዋል፣ ጥራቱም ይወርዳል።

በራስ ስልክ

ብዙ ሰው ይሄን ይንቃል። እኔ ግን ፎቶው በፋይል ብቻ ከተፈለገ የመጀመሪያ ምርጫዬ ይሄ ነው። ፊቱን ማንም አይነካውም፣ የፈለጉትን ያህል ደጋግሞ መነሳት ይቻላል፣ ገንዘብም አያስወጣም። የሚያስፈልገው ሌላ ሰው፣ ነጭ ግድግዳና ጥሩ ሰዓት ነው።

ሌላ ሰው የምለው ሰልፊ ስለማይሆን ነው። ስልክ ፊት አጠገብ ሲሆን አፍንጫ ይተልቃል፣ ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ መልክ ይለወጣል። የሚያነሳው ሰው አንድ ሜትር ተኩል ወይም ከዚያ ራቅ ብሎ ይቁም። በኋላው ካሜራ፣ ስልኩን በተነሺው ዓይን ትክክል ይዞ፣ ዙሪያውን ሰፋ አድርጎ ያንሳ። መቁረጡ በኋላ ይደርሳል፤ ጠቦ የተነሳን ፎቶ ግን ማስፋት አይቻልም።

ከማንሳት በፊት ካሜራው ውስጥ ያለውን የማሳመሪያ ነገር አጥፉት። ብዙ ስልኮች ላይ "ቢዩቲ" የሚባለው ሳይነኩት በርቶ ይመጣል፤ ፎቶ ቤቱ የሚሠራውን ጥፋት ስልኩ በዝምታ ይሠራዋል። ከኋላ የሚያደበዝዘው "ፖርትሬት"ም ይጥፋ፣ የፀጉርና የጆሮ ጠርዝ ያበላሻል።

ግድግዳው ነጭ ቀለም ወይም ኖራ የተቀባ ከሆነ ጥሩ ነው። ካልሆነ ነጭ አንሶላ በደንብ ተተኩሶ፣ ጥግና ጥጉ ተወጥሮ ይሰቀል። ጋቢ አትስቀሉ፤ ሽመናው ጎላ ብሎ ይታያል፣ ጥለቱም ይወጣል። ተነሺው ግድግዳው ላይ አይደገፍ። ቢያንስ ግማሽ ሜትር፣ ቦታ ካለ አንድ ሜትር ወደ ፊት ወጣ ይበል። ከተጠጋ ጥላው ከጆሮው ጎን ጥቁር ሆኖ ይታተማል።

ብርሃኑ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ፎቶ የሚበላሸው እዚህ ነውና። የባሕር ዳር የቀትር ፀሐይ ከአናት ስለሚወርድ ዓይን ጉድጓድ ውስጥ የገባ ያስመስላል፣ ከአገጭ ሥር ጥቁር ያደርጋል። ቀጥታ ፀሐይ ላይ ከቆሙ ደግሞ ዓይን ይጨፈናል። የሚሻለው ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ወይም ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ቀዝቀዝ ስትል፣ በረንዳ ጥላ ሥር ወይም ሰፊ መስኮትና የተከፈተ በር ፊት ለፊት ነው። ፊት ወደ ብርሃኑ፣ ጀርባ ወደ ግድግዳው። ብርሃኑ ከአንድ ጎን ብቻ ከመጣ ግማሽ ፊት ይጨልማል፣ ስለዚህ በቀጥታ ወደ በሩ ዙሩ። የስልኩን ፍላሽ አትጠቀሙ፤ ግንባር ያብለጨልጫል፣ ዓይን ያቀላል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ የእኛን ዓይነት ጠየም ያለ ቆዳ ላይ በደንብ የሚታይ። ስልኩ ከኋላ ያለውን ነጭ አይቶ "ብርሃኑ በዛ" ብሎ ያስባልና ሁሉንም ያጨልመዋል። ውጤቱ ግራጫ ግድግዳና ዓይኑ የማይለይ ጥቁር ፊት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ስክሪኑ ላይ የሰውየውን ፊት በጣት ነካ አድርጉ፣ የፀሐይ ምልክት ይወጣል፣ እሱን ትንሽ ወደ ላይ ግፉት። ፊቱ ጥርት ይላል፣ ግድግዳውም ወደ ነጭነቱ ይመለሳል። ይሄ ከተነሳ በኋላ ማቅላት አይደለም፣ ካሜራው እውነተኛውን መልክ እንዲያይ መርዳት ነው።

ከዚያ መቁረጥ። ለአሜሪካ ከሆነ ፎቶውን መጀመሪያ ካሬ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ቀጥሎ ፒክስሉን አሳንሱ። ረጅሙን ፎቶ ጎትቶ ካሬ ማድረግ ፊትን ስለሚያሰፋ በጭራሽ አይሆንም። በ600 ፒክስል ፎቶ ላይ ጭንቅላቱ ከ300 እስከ 414 ፒክስል ድረስ ይይዛል። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ድረ-ገጽ ላይ በነፃ የሚገኝ የፎቶ መቁረጫ አለ፣ መስመሮቹን እያሳየ ስለሚያስቆርጥ ጥሩ ነው። ግን መጠን ብቻ ነው የሚያስተካክለው፤ ጥላ አለ፣ ዓይን ተጨፍኗል ብሎ አይነግራችሁም። ስክሪን ሻት አንስቶ ማስገባት ደግሞ ይቅር።

ባክግራውንድ የሚቀይሩ አፖች

እውነቱን ልናገር፣ ከአራቱ የማልወደው ይሄን ነው። አጓጊ ነው፤ ሳሎን ሶፋ ላይ የተነሳ ፎቶ በቅጽበት ነጭ ባክግራውንድ ያገኛል፣ መጠኑም ይስተካከላል። ነገር ግን መስፈርቱ መልክ አትቀይሩ ሲል አፑ ሥራው መቀየር ነው። ከሁሉም በላይ ፀጉር ላይ ይታወቃል። አፍሮ ፀጉር ዙሪያውን ተልጦ በመቀስ የተከረከመ ይመስላል፤ ሹሩባ ላይ ደግሞ ከጆሮ ጀርባ የወጣችው ጉንጉን ግማሽዋ ትቀራለች፣ ግማሽዋ ትጠፋለች። አንዳንዱ አፕ ሳይናገር ቆዳም ያለሰልሳል። መጨረሻ ላይ "ለማውረድ ይክፈሉ" ይመጣል፣ እኛ ጋ ደግሞ በዶላር በኦንላይን መክፈል ራሱን የቻለ ችግር ነው። ፊታችሁም የማታውቁት ኩባንያ ጋ ይቀራል።

ለመቁረጥና ኪሎባይት ለመቀነስ ብቻ ከሆነ ተጠቀሙበት፣ ችግር የለውም። ከዚያ ያለፈውን አትፍቀዱለት።

አዲስ አበባ ደርሶ መነሳት

ኤምባሲና የማመልከቻ ማዕከል አካባቢ ያሉ ፎቶ ቤቶች ከጠዋት እስከ ማታ ይህንኑ ስለሚሠሩ የየአገሩን መጠን በቃላቸው ያውቁታል። የቪዛ ማመልከቻ ማዕከላትም ብዙዎቹ በክፍያ ፎቶ ያነሳሉ። ለሸንገን አመልካች ይሄ በጣም ይመቻል፤ ፎቶው የሚሰጠው በቀጠሮ ቀን በወረቀት ስለሆነ፣ አንድ ቀን ቀደም ብሎ የገባ ሰው ተነስቶ፣ ለክቶ፣ ይዞ ይገባል።

ለአሜሪካ ግን ይሄ መንገድ አይሠራም፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ፎቶው የሚጫነው ዲኤስ-160 ሲሞላ ነው፣ ቀጠሮ የሚያዘው ከዚያ በኋላ ነው። ማለትም ፎቶው መዘጋጀት ያለበት እዚሁ፣ ደብረ ማርቆስ ወይም ዳንግላ እያላችሁ ነው። ፋይሉ አልጫን ቢል ፎርሙ ያለ ፎቶ ሊጠናቀቅ ይችላል፤ ማረጋገጫው ገጽ ላይ በፎቶው ቦታ የኤክስ ምልክት ይታያል። ያኔ አንድ የታተመ 51 በ51 ፎቶ ይዞ ለቃለ መጠይቁ መቅረብ ግዴታ ነው። እኔ ፎቶው ቢጫንም ሁለት የታተመ በፖስታ ይያዝ ባይ ነኝ፤ ወጪው ትንሽ ነው።

ለፎቶ ብቻ ብሎ ከጎጃም አዲስ አበባ መሄድ ግን ብር ማባከን ነው። ከደብረ ማርቆስ እንኳ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው። ማደሪያው፣ ምግቡ፣ ትራንስፖርቱ ሲደመር ከፎቶው ዋጋ ጋር አይገናኝም።

በአንድ ላይ ሲታዩ

| መለኪያ | ፎቶ ቤት | በራስ ስልክ | አፕ | አዲስ አበባ |
|---|---|---|---|---|
| ትክክለኛ ልክ | መጠኑ ተጽፎ ከተሰጠ | ራስ መቁረጥ ይጠይቃል | ጥሩ | በጣም ጥሩ |
| ፊት አለመነካቱ | ካልነገሩት ያሳምራል | ቢዩቲ ከጠፋ አስተማማኝ | ደካማ | ማሳሰብ ያስፈልጋል |
| ብርሃንና ጥላ | ጥሩ | በሰዓቱና በቦታው ይወሰናል | አያስተካክልም | ጥሩ |
| ለፋይል | ሶፍት ኮፒ ከጠየቁ | በጣም ጥሩ | ለመቁረጥ ብቻ | ለአሜሪካ ዘግይቷል |
| ለወረቀት | በጣም ጥሩ | ማሳተሚያ ይፈልጋል | ማሳተሚያ ይፈልጋል | በጣም ጥሩ |
| ደግሞ መነሳት | ሌላ ወጪ | በነፃ | በነፃ ወይም በክፍያ | ጊዜ ካለ |
| ወጪ | መካከለኛ | ምንም | ከምንም እስከ ዶላር | መንገዱ ከተቆጠረ ከባድ |

ለማን የቱ ይሻላል?

ልጃቸው አሜሪካ ሆኖ ፎርሙን የሚሞላላቸው እናትና አባት ብዙ ናቸው። ለእነሱ ስልክ ይሻላል። ፎቶ ቤት ወንበር ላይ ሲቀመጡ ይጨንቃቸዋል፣ አንገታቸው ይደርቃል፣ "ይበቃል ልጄ" ብለው ይነሳሉ። ቤት ውስጥ በርጩማ ላይ አስቀምጣችሁ፣ ቡና እየተፈላ፣ ተረጋግተው ይነሳሉ። "እማዬ፣ ሻሹን አንዴ እናውልቀው፣ ለፎቶው ነው" ማለት ያስፈልግ ይሆናል። የራስ መሸፈኛ የሚፈቀደው በየቀኑ ለሃይማኖት የሚደረግ ከሆነ ነው፤ ያኔም ከአገጭ እስከ ግንባር ፊት ሙሉ በሙሉ መታየት አለበት፣ መሸፈኛውም ፊት ላይ ጥላ መጣል የለበትም። ሂጃብ የምትለብስ፣ መነኩሲት የሆነች አታወልቅም። ለብርድ ወይም ለፀሐይ የታሰረ ግን ይወልቃል። መነጽርም እንዲሁ፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 1 ቀን 2016 ጀምሮ በመነጽር የተነሳ ፎቶ አትቀበልም፣ የሐኪም ማስረጃ ያለው የሕክምና ምክንያት ካልሆነ በቀር። ከተነሱ በኋላ ፎቶውን ለልጁ በፋይል መልክ ላኩለት፣ መቁረጡን እሱ ይጨርሰው።

ነጭ ልብስ ላይ ደግሞ ጠንቀቅ በሉ። የአበሻ ቀሚስ፣ ነጠላ፣ ነጭ ሸሚዝ ከነጭ ግድግዳ ጋር ይቀላቀላል፣ ጭንቅላት ብቻውን የተንሳፈፈ ይመስላል። ጠቆር ያለ ቀለም ልበሱ። የደንብ ልብስ አይሆንም። ማተብ ችግር የለውም። ነጭ ጥምጥም ለሚያደርጉ ካህናት ግድግዳው ክሬም ቢሆን ጠርዙ ይለያል፤ ለአሜሪካም ለሸንገንም ነጣ ያለ ይፈቀዳልና።

የስኮላርሺፕ ተማሪ ሆናችሁ እጃችሁ አጠር ካለ፣ አገሩም ገና ካልታወቀ፣ በስልክ ሰፋ አድርጋችሁ አንድ ጥሩ ፎቶ ተነሱ። ያንኑ ለአሜሪካ ካሬ፣ ለካናዳና ለሸንገን 35 በ45 አድርጋችሁ ትቆርጡታላችሁ። ወረቀት የሚፈልግ ከመጣ ፋይሉን በፍላሽ ይዛችሁ ፎቶ ቤት ሄዳችሁ "ሳትነካው በዚህ መጠን አትምልኝ" በሉ። ባሕር ዳርም ደብረ ማርቆስም ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ለተማሪ የሚያትም አይጠፋም። ለእኔ ከሁሉም የተሻለው ይሄ ቅልቅሉ ነው፤ ማንሳቱ በስልክ፣ ማሳተሙ በፎቶ ቤት።

ነጋዴ ሆናችሁ ቻይና የምትመላለሱ ከሆነ ፎቶ ቤት ሂዱ። 33 በ48 ያልተለመደ መጠን ስለሆነ ቁጥሩን ጽፋችሁ ስጡ። አንዴ በልኩ የተቆረጠውን ፋይል ብታስቀምጡት ለ6 ወር ያገለግላል።

ሸንገን ሆኖ ቀጠሮው ከተያዘ፣ አዲስ አበባም አንድ ቀን ቀድማችሁ የምትገቡ ከሆነ እዚያው ተነሱ። በዚያው ቀን ጠዋት ደርሳችሁ ወደ ቀጠሮ የምትሮጡ ከሆነ ግን ከዚህ አሳትማችሁ ውጡ።

ሕፃን ላላችሁ፣ ስልክ እንጂ ፎቶ ቤት አይመከርም። ሕፃኑን ነጭ አንሶላ ላይ በጀርባው አስተኙት፣ መስኮት አጠገብ፣ ጥላችሁ እንዳያርፍበት ሆናችሁ ከላይ ወደ ታች አንሱ። የማንም እጅ፣ ጡጦም ሆነ መጫወቻ አይታይ። ዓይኑ ተከፍቶ ወደ ካሜራው ማየት አለበት፤ ስለዚህ ከጠባ በኋላ፣ እንቅልፉ ሳይመጣ በፊት ሞክሩ። አንድ ሰው ከስልኩ በላይ ቁልፍ ያንቃጭል፣ ሌላው ተከታትሎ ያንሳ። ከብዙዎቹ አንዱ ይሳካል።